ጋሼ፣ ኮካ ላምጣልዎት?

ስለ መብራት ማማረር ሰልችቶናል። ስለ ውሃም፣ ስለ ኔትወርክም፣ ስለ ጤፍ ዋጋም እንዲሁ። እሮሮው በየቤቱ ስላለ አንዱ ሲጀምር ሌላው ይጨርስለታል፤ ከዚያ ሁሉም ወደ ቤቱ። ዛሬ ግን ፈቃዳችሁ ከሆነ አንድ የቅንጦት እሮሮ ላሰማ። ደብረ ማርቆስ ተቀምጦ ዋጋው የማይጎዳ፣ ስኳር የሌለበት፣ ቀዝቀዝ ያለ ነጭ ወይን በሰላም መጠጣት ለምን እንዲህ አስቸጋሪ ሆነ?

"የጎጃም ጠጅ አነሰህ ወይ?" የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። አላነሰኝም። የጮቄን ማር የሚንቅ አፍ የለኝም፤ አረቄውንም ቢሆን በብርድ ቀን እምቢ ብዬ አላውቅም። ነገር ግን ሎሚ የተጨመቀበት የጣና ዓሣ ፊቴ ተቀምጦ ማር ማር የሚል መጠጥ አይሄድልኝም። አረቄ ደግሞ ዓሣውንም እኔንም ይዞ ይሄዳል። ቢራ ሆድ ይነፋል። እንግዲህ የቀረው ነጭ ወይን ነው፤ እሱን መጠየቅ ደግሞ እንዲህ ነው።

"ነጭ ወይን አለ?"

"አለ ጋሼ።"

"ድራይ ነው?"

"አዎ ጋሼ።"

"ቀዝቃዛ ይሁን እሺ።"

እዚህ ላይ የአስተናጋጇ ፊት ይለወጣል። "ኖርማል ነው ያለው። ማርቆስ እኮ ብርድ ነው ጋሼ፤ ቀዝቃዛ ቶንሲል ያስነሣብዎታል።" ልጅቷ ለጤንነቴ አስባ ነውና ምን ይባላል? ዝም ይባላል። ማቀዝቀዣው ከኋላዋ ቆሟል፤ ቢራ፣ ውሃና ለስላሳ እስከ አፉ ሞልቶታል። ወይኑ ያለው ከላይ መደርደሪያው ላይ፣ አምፖሉ ሥር ነው። ጠርሙሱን አውርዳ አቧራውን በሶፍት ትጠርግና ታመጣዋለች። ሁለት እርምጃ ሄዳ ትመለሳለች። "ጋሼ፣ ኮካ ላምጣልዎት?"

ይህችን ጥያቄ ያልሰማ ወይን ጠጪ በዚህ አገር ያለ አይመስለኝም። ቀይ ሲሆን ኮካ፣ ነጭ ሲሆን ስፕራይት፤ አንዳንዴ ሁለቱም ለምርጫ ይቀርባሉ። ሰው የፈለገውን ቀላቅሎ ቢጠጣ መብቱ ነው፤ ገንዘቡም ሆዱም የራሱ ነው። የሚያበሳጨኝ ሳልጠየቅ መጥቶ ሲከፈትልኝ ነው። ወይኑ ድራይ የሆነው እኮ በስም አይደለም። ጭማቂው ሲብላላ እርሾው ስኳሩን እየበላ ወደ አልኮል ይለውጠዋል፤ ጠማቂው መሃል ላይ ሳያቋርጠው ሲቀር በሊትር የሚተርፈው ስኳር አብዛኛውን ጊዜ ከ4 ግራም አይበልጥም። አንድ የ300 ሚሊ ሊትር ኮካ ውስጥ ደግሞ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለ። አንዱ ሳምንታት ፈጅቶ ያስወጣውን ሌላው በአንድ ቆርኪ መልሶ ይደፋዋል። ጣፋጭ የሚፈልግ ሰው ጣፋጭ ወይን መግዛት ይችላል፤ አክሱሚት ለዚያ ነው የተሠራው።

ነጩ ደግሞ ሌላም ጣጣ አለበት። ቀይ ወይን "ደም ይተካል" ተብሎ ስለሚታመን ቢያንስ ክብር አለው፤ ለአራስም፣ ከሕመም ለተነሣም ይገዛለታል። ነጩስ ምን ይተካል? ምንም። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ሦስት ቀይ ተሽጦ አንድ ነጭ ይቀራል፤ የቀረው ነጭ መስኮቱ ላይ ለጌጥ ይቀመጣል። የማርቆስ ፀሐይ፣ ከተማዋ ወደ 2,450 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች፣ ብርዱ እያለም ትፋጃለች። ጠርሙሱ ጠዋት ጠዋት ይጋላል፣ ማታ ማታ ይበርዳል፤ እንዲህ እያለ ወራት ይከርማል። ገለባ የመሰለው መልኩ ወደ ሻይ መልክ ይሄዳል። ባለሱቁን "ይሄ ሰንብቷል መሰለኝ" ስትለው "ወይን እኮ ሲቆይ ነው የሚጥመው ጋሼ" ይልሃል። ይህን ወሬ ማን እንደዘራብን እንጃ። ሲቆይ የሚሻለው ወይን ጥቂት ነው፤ እሱም ውድ ነው፣ የሚቆየውም በጨለማና በቀዝቃዛ ቦታ ነው። ርካሽ ነጭ ወይን በተሠራ በዓመት በሁለት ዓመት ውስጥ ተጠጥቶ ማለቅ አለበት።

ቤት ውስጥስ? ቤት ውስጥ ቡፌ የሚባል ነገር አለ። ዘመድ ከአዲስ አበባ ሲመጣ አንድ ጠርሙስ ይዞ ይመጣል፤ ጠርሙሱ ቡፌው ላይ ዳንቴል ተነጥፎለት፣ ከፕላስቲክ አበባውና ከልጆቹ የምረቃ ፎቶ መሃል ይቆማል። "ትልቁ ልጅ ሲመረቅ ይከፈታል" ይባላል። ልጁ ይመረቃል፤ "ሲያገባ" ይባላል። ያገባል፤ "የልጅ ልጅ ክርስትና" ይባላል። በመጨረሻ የሚከፈት ዕለት መላው ቤተሰብ ቀምሶ ፊቱን ያጨማድድና "ለካ ወይን የሚሉት ይሄ ነው!" ብሎ ወደ ጠላው ይመለሳል። ወይኑ ግን ከሞተ ቆይቷል።

መክፈቱም ራሱን የቻለ ትግል ነው። የቡሽ መክፈቻ ያለበት ቤት ስንት ነው? ሚስማር መትቶ በፒንሳ የሚስብ አለ። በማንኪያ እጀታ ቡሹን ወደ ውስጥ የሚገፋም አለ፤ እጀታው ጥርቅ ሲል ወይኑ እስከ ሸሚዝ ይረጫል። ከዚያ የቡሽ ፍርፋሪ በጥርስ እያጠለሉ መጠጣት ነው። ብርጭቆው ብዙ ጊዜ የሻይ ነው፤ የሚሞላውም እስከ አፉ ነው፤ አጉድሎ መቅዳት ስስት ይመስላላ! የሞላው ብርጭቆ ተጠጥቶ እስኪያልቅ በእጅ ሙቀት ለብ ይላል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ዋጋው ደግሞ አለ። አገር ውስጥ የሚሠራው ባይኖር ኖሮ ነገሩ ጭራሽ በቀረ ነበር። ከአዋሽ ወይን ጠጅ ክሪስታል አለ፤ ድራይ ነጭ ነው፤ ስሙም ለብዙ ዘመን አብሮን የኖረ ነው። ከዝዋይ ደግሞ ካስትል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ ሪፍት ቫሊ የሚባለውን ይሸጣል፤ ከሻርዶኔ ወይን የሚሠራ ነጭም አለው። እነዚህን ጥሩ አድርጎ አቀዝቅዞ ለሚጠጣ ሰው ምንም አይጎድላቸውም። ችግሩ መንገድ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መሃሉ ላይ የአባይ በረሃ አለ። ጎሐ ጽዮን ላይ ጋቢ የደረበ ሹፌር ድልድዩ ጋ ሲደርስ ሸሚዙን ይፈታል፤ ጠርሙሱ ግን የሚፈታው ሸሚዝ የለውም። ሸራ ሥር እንደታፈነ ይወርዳል፣ እንደታፈነ ይወጣል። መንገድ ተዘጋ በተባለ ጊዜ ደግሞ ባለበት ይውላል፣ ያድራል። አንዳንዱ ጠርሙስ ማርቆስ ሲደርስ ቡሹ ከአፉ ገፋ ብሎ ወጥቶ ይታያል፤ ውስጡ ያለው ሙቀት አግኝቶት ሰፍቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ጠርሙስ አትግዙ።

ከውጭ የሚመጣውንማ ተዉት። በጥቅምት 2015 መንግሥት ለ38 ዓይነት ሸቀጦች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድ ሲያግድ የአልኮል መጠጥም ከዝርዝሩ ነበረበት። እገዳው በሐምሌ 2016 ሲነሣ ደስ ብሎን ሳናበቃ በዚያው ሰሞን ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተለቀቀ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በፊት በሩ ተዘግቶ ነበር፤ አሁን በሩ ተከፍቶ ኪሳችን ተዘጋ። ቅሬታውም አዲስ አይደለም። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የጻፈ ስሙ ያልታወቀ ነጋዴ በኤርትራ ባሕር ዙሪያ ስለሚደረግ ንግድ ባዘጋጀው መጽሐፍ አዱሊስ ወደብ የሚገቡትን ሸቀጦች ሲዘረዝር ከሎዶቅያና ከኢጣልያ የመጣ ወይን ይጠቅሳል፤ መጠኑን ግን ጥቂት ነው ይላል። በዚያው መጽሐፍ የአካባቢው ንጉሥ ዞስካሌስ ገንዘቡን አጥብቆ የሚይዝ፣ ግን የግሪክ ትምህርት ያለው ሰው ተብሎ ተገልጿል። የዛሬው አስመጪም ከዚህ ብዙ አልራቀም፤ ትምህርቱ ሲቀር።

ግሪክ ካልኩ አይቀር፣ ይህን ሁሉ እሮሮ የቀሰቀሰብኝ የግሪክ ወይን መሆኑን ልናገር። አቴንስ የምትሠራ የአክስቴ ልጅ ለፋሲካ ስትመጣ ሻንጣዋ ውስጥ ሬትሲና የሚባል ነጭ ወይን ይዛ መጣች። ግማሽ ሊትር ነው። መክፈቻው አያስቸግርም፤ እንደ ቢራ ቆርኪ ነው ያለው። እዚያ አገር ውድ ነገር አይደለም፤ በየመሸታ ቤቱ ሠራተኛው ሁሉ ከዓሣ ጋር የሚጠጣው ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በአቴንስ ዙሪያ፣ አቲካ በሚባለው አካባቢ በብዛት ከሚበቅለው ሳቫቲያኖ ከተባለው የወይን ዓይነት ነው። ጭማቂው በሚብላላበት ጊዜ የጥድ ሙጫ ይገባበታል፤ ኋላ ሙጫው ይወጣና ሽታው ይቀራል። ጥንት ግሪኮች ወይን የሚያስቀምጡበት እንስራ እንዳያፈስ ውስጡን በሙጫ ይለቀልቁት ነበር፤ ወይኑ የሙጫውን ሽታ ይዞ ይወጣል። ሰው ለመደው፣ ወደደውም። እንስራው ቀርቶ በርሜል፣ በርሜሉ ቀርቶ ብረት ጋን ከመጣ በኋላ እንኳ ሽታውን ስለሚፈልጉት ሙጫውን አውቀው ይጨምሩታል።

አክስቴ አንድ ጊዜ ፉት አለችና ብርጭቆውን አራቀችው።

"ምንድን ነው ይሄ ልጄ? የጽድ ሙጫ ቀቅለው ነው እንዴ የሰጧችሁ?"

"እትዬ፣ የእርስዎ የጠላ ጋን በምንድን ነው የሚታጠነው?"

"በወይራ ነዋ!"

"ባይታጠንስ?"

"ያለ ወይራማ ምኑን ጠላ ሆነ! ጥንስሱም ይበላሻል፣ ሽታም የለውም።"

"እነሱም ስለ ሙጫው የሚሉት ይህንኑ ነው።"

ጥቂት አሰበች። ሽንብራ ቆሎ ዘገነችና ደገመች። "ከቆሎ ጋር ይሻላል" አለች። የወይን አዋቂ ነን የሚሉ ሰዎች በመጽሐፍ የሚጽፉትን አክስቴ በአንድ እፍኝ ቆሎ ጨረሰችው፤ ሬትሲና ለብቻው ሲጠጣ ይከብዳል፣ ጨው ካለበት ነገር ጋር ግን ይገራል። ጋኑን በግራዋ አጥቦ፣ በወይራ አጥኖ፣ ገሾ ጠንስሶ የሚጠጣ ሕዝብ ሙጫ የሚፈራበት ምክንያት አይታየኝም። እንደውም ከአውሮፓ ወይን ሁሉ ለጎጃም አፍ የሚቀርበው ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ከተማችን በስሙ የምትጠራው ቅዱስ ማርቆስ ወንጌሉን በግሪክኛ መጻፉን፣ በዚያም ውስጥ አዲስ ወይን በአሮጌ አቁማዳ እንደማይቀመጥ የሚናገር ቃል መኖሩን ሳስብ ደግሞ ዝምድናችን የቆየ ነው እላለሁ። እንግዲህ ይህ ወይን ለእኛ የተፈጠረ ሆኖ ሳለ ማርቆስ ውስጥ ሲሸጥ አይቼ አላውቅም። ምሬቴ ገባችሁ?

(ለፍርድ እንዲመች አንድ ነገር ልጨምር፤ የአክስቴ ልጅ እንደነገረችን ግሪኮችም ውስጥ ሬትሲናን በኮካ የሚጠጡ አሉ፤ በተለይ ተሰሎንቄ። አስተናጋጇ ይህን እንዳትሰማ።)

ሬትሲናም ሆነ፣ ክሪስታልም ሆነ፣ የዝዋዩም ሆነ፣ አጠጣጡ አንድ ነው፤ ብዙ ወጪም የለውም። ድራይ ነጭ ወይን ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ሲሆን ነው የሚጥመው። አዲስ አበባ ላሉ ሰዎች ይህ የማቀዝቀዣ ጉዳይ ነው፤ ማርቆስ ግን እግዜር ራሱ ማቀዝቀዣ ሰጥቶናል። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ሌሊት ወደ 10 ዲግሪና ከዚያም በታች ይወርዳል። ጠርሙሱን ማታ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ የሰው እጅና ድመት የማይደርስበት ደጅ ማሳደር፣ ጠዋት ፀሐይ ሳትወጣ አንሥቶ ቆጥ ሥር ወይም ጨለማ ቦታ ማስቀመጥ ነው፤ ለምሳ ይደርሳል። መብራት ጠፋ ብሎ መነጫነጭ የለም። ቸኩያለሁ የሚል ደግሞ ባልዲ ውስጥ ውሃና በረዶ አብሮ ያድርግ፣ እፍኝ ጨው ይጨምርበት፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። በረዶ ብቻውን ያለ ውሃ ጠርሙሱን በወጉ አያቅፈውም፤ አንዳንድ ሆቴል ይህንንም ስለማያውቅ ጠርሙሱ በረዶ ላይ ተቀምጦ ከወገቡ በላይ እንደሞቀ ይቀርባል።

ብርጭቆው አናቱ ጠበብ ያለ ቢሆን ይመረጣል፤ ከጠፋም የውሃ ብርጭቆ ይሁን፤ ብቻ ከግማሽ በላይ አትሙሉት። ቶሎ ስለሚሞቅ ጥቂት ጥቂት እየቀዱ መደጋገም ይሻላል። ስስት የሚመስለው ካለ "ይደገማል" በሉት።

ምግቡን በተመለከተ ሰው የሚሳሳተው ዶሮ ወጥ ላይ ነው። በዓል ነው፣ ዶሮ ተሠርቷል፣ ወይን ተገዝቷል፤ ታዲያ አብረው ይቀርባሉ። በርበሬው አልኮሉን ያነደዋል፤ ወይኑም ኮምጣጤ መስሎ ያርፋል፤ ጥፋቱ ወደ ወይኑ ይዞራል። ለዶሮ ወጥ ጠጅ አለለት፤ ማሩ በርበሬውን ያበርድለታል። ድራይ ነጭ የሚፈልገው ጨው፣ ሎሚና ቅባት ነው። የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ በሎሚ፤ አይብ በጎመን፣ ሚጥሚጣው ቀለል ብሎ፤ የተቀቀለ ድንች በጨውና በቃሪያ፤ ቲማቲም በሽንኩርትና በዘይት። ግሪኮች ዓሣቸውን፣ ጨዋማ አይባቸውንና ወይራ ፍሬያቸውን የሚያቀርቡበት ማዕድ ከዚህ ብዙ አይለይም። የጎጃም ድንች ደግሞ እንኳን ለወይን ለባዶ ውሃም ይበቃል። ይህ ሁሉ ከአንድ ቀይ ወጥ ያነሰ ያስወጣል።

አንድ ጥያቄ ለሆቴል ባለቤቶች አለኝ፤ በብርጭቆ የሚሸጠውን ወይን በተመለከተ ነው። የተከፈተ ነጭ ወይን ተከድኖ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢገባ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ቀን ይቆያል። ከዚያ በኋላ አየር ይበላዋል። እናንተ ግን ጠርሙሱ እስኪያልቅ ትሸጡታላችሁ፤ አንድ ጠርሙስ እኮ እናንተ ጋ ከጾም እስከ ጾም ይደርሳል! የተከፈተበትን ቀን በእስክሪብቶ ጠርሙሱ ላይ ጻፉልን። ሦስት ቀን ያለፈውን ለወጥ ቤት ስጡት፤ ዓሣ ሊታሽበት ይችላል። ለእኛ አዲሱን ክፈቱልን።